ብርሃን በጀሪካን

«ልጃችንን ከሰል አደረግሻት!»

ይህን ያለችኝ የሙሽራዋ አክስት ናት። ስምንት ዓመት አለፈው፤ ድምፅዋ ግን ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ለብቻዬ የያዝኩት የመጀመሪያ ሠርግ ነበር። በሐረር በሸዋ በር ገባ ብሎ ካለ ጠባብ መንገድ አዲስ ኖራ የተቀባ ግድግዳ አየሁና ደስ ብሎኝ ሙሽራዋን ፊቱ አቆምኳት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ካሜራዬ አውቶ ላይ ነው፤ ውድ ዕቃ ስለሆነ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል ብዬ አምኜዋለሁ። በፀሐዩ ምክንያት ትንሿ ስክሪን ላይ ምንም አይታይም፤ ደህና መሰለኝ። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ያ የሚያበራ ግድግዳ አመድ መስሏል፣ የልጅቷ ፊት ደግሞ ጭራሽ ጠፍቷል። ሙሽራ እንደገና አትዳርም። ክፍያዬን መለስኩና ካሜራዬን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

ያስከፈቱኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ጉርድ ፎቶ ሲያነሡ የኖሩ፣ ፎቶ ቤታቸውን ዘግተው ጡረታ የወጡ ሰው። ጋሼ እላቸዋለሁ። የሠርጉን ፎቶዎች አንድ በአንድ አዩና «ካሜራሽ ሞኝ ነው፤ አንቺ ደግሞ ሞኝ ታምኛለሽ» አሉኝ። ከዚያም ነጠላዬን አስወልቀው አልጋ ላይ ዘረጉትና ከነጠላው በቀር ሌላ ነገር እንዳይገባ አድርጌ በአውቶ እንዳነሣው አዘዙ። ቀጥሎ የእሳቸውን ጥቁር ጃንጥላ አስነሡኝ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ሳያቸው ነጠላው አመድማ ሆኗል፤ ጃንጥላውም አመድማ ሆኗል። እርስዎም ቤትዎ ይሞክሩት፤ በስልክም ቢሆን ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ የሚያየው የብርሃን መጠን ብቻ ነው። ከፊቱ ያለው ነጭ ነጠላ ይሁን ጥቁር ጃንጥላ አያውቅም። ስለዚህ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ ቢደባለቅ መሃል ላይ የሚያርፍ አንድ አመድማ ቀለም አለ ብሎ ያስባል፤ ያየውን ሁሉ ወደዚያ ይጎትታል። ለማነጻጸሪያ የሚሸጠው ግራጫ ካርድ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶውን ይመልሳል። አዲስ ኖራ ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይመልሳል። ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ደንግጦ ግድግዳውን አጠቆረ፤ ሙሽራዋ አብራ ጠቆረች። እንግዲህ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ ከሚሠራ ፎቶ አንሺ ይልቅ ይህን ማወቅ ያለበት ማን ነው? ግድግዳችን ነጭ ነው፤ አለዚያም አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ ነው። አመድማ የሆነ ነገር ከተማው ውስጥ ብትፈልጉ ከአስፋልቱና ከአህያው በቀር አታገኙም።

ጋሼ የካሜራዬን መዘውር አዙረው «ኤም» የሚለው ላይ አቆሙት። ማኑዋል ማለት ነው። ከዚያ ጀሪካን አመጡ።

ሐረር ያደገ ሰው ጀሪካን ሳይሸከም አላደገም። ከተማችን ለዓመታት የምትጠጣው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር፤ ሐይቁ ሲደርቅ የደረሰብን አይረሳም። ወረፋ የጠበቀ ሰው ደግሞ ሂሳቡን ሳይማር ያውቀዋል። ጀሪካን የሚሞላው በሦስት ነገር ነው፤ ቧንቧው ምን ያህል ተከፍቷል፣ ስንት ጊዜ ተከፍቶ ቆይቷል፣ ጀሪካኑስ ስንት ሊትር ነው? የሌንሱ ቀዳዳ፣ ማለትም አፐርቸር፣ የቧንቧው መክፈቻ ነው። ሸተር ስፒድ ቧንቧው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። አይኤስኦ የጀሪካኑ መጠን ነው። እስከ አፉ የሞላ ጀሪካን ደህና የወጣ ፎቶ ነው። ከፈሰሰ ፎቶው ተቃጥሏል እንላለን፤ የተቃጠለ ነጭ ደግሞ መሬት እንደጠጣው ውሃ ነው፣ ኮምፒውተር ላይም አይመለስም። ከጎደለ ጨለማ ነው። የውሃው ግፊት የእኛ አይደለም፤ እሱ የፀሐይዋ ነው።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው የቀዳዳው ቁጥሮች ጋ ሲደርስ ነው። ኤፍ 1.4፣ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16፣ 22። ምን ዓይነት አቆጣጠር ነው? ከዚህም ብሶ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል። እኔ ለወራት በግልባጭ እያሰብኩ ተሳስቻለሁ። ያዳነኝ ቁጥሩ አካፋይ መሆኑን መረዳቴ ነው። አንድ ድፎ ዳቦ ለሁለት ሰው ሲቆረስና ለአሥራ ስድስት ሰው ሲቆረስ የሚደርሰውን ያስቡ። እዚህ የሚቆረሰው ሌንሱ ላይ የተጻፈው ሚሊ ሜትር ነው። የእኔ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 1.8 ላይ ሲሆን 50 ለ1.8 ይካፈላል፤ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቀዳዳ። ኤፍ 16 ላይ ሲሆን 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀረዋል፤ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ። ሌንሱን ከፊት ለፊቱ ቢያዩት ስስ ቅጠሎች ተደራርበው ልክ እንደ ዓይን ብሌን ሲጠቡና ሲሰፉ ይታያሉ።

ቁጥሮቹ የተንጋደዱትም ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ በሄዱ ቁጥር የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። የክብ ስፋት በግማሽ እንዲቀንስ ደግሞ መሃል ለመሃል ያለው ርዝመቱ ለ1.4 ገደማ መካፈል አለበት፤ ቁጥሮቹ በየደረጃው በ1.4 የሚያድጉት ለዚህ ነው። ይህን የግማሽ ወይም የእጥፍ እርምጃ ፎቶ አንሺዎች ስቶፕ ይሉታል። ሸተሩም በስቶፕ ይሄዳል፤ ከ1/125 ሴኮንድ ወደ 1/250 ሲያልፉ ብርሃኑ በግማሽ ይጎድላል። አይኤስኦም እንዲሁ 100፣ 200፣ 400 እያለ ይወጣል። አንዱ ጋ የቀነሱትን ሌላው ጋ ይጨምራሉ። ከዚህ የበለጠ ሂሳብ የለበትም።

ታዲያ ሁሉም አንድ ጀሪካን የሚሞሉ ከሆነ በየትኛው ብሞላ ምን ልዩነት አለው? እዚህ ጋ ነው ካሜራው የሰው ፍርድ የሚፈልገው።

ቀዳዳው ሲሰፋ ከፎቶው ውስጥ ጥርት ብሎ የሚታየው አንድ ስስ ንጣፍ ብቻ ነው፤ የሙሽራዋ ዓይን ጥርት ብሎ ጆሮዋ ሊደበዝዝ ይችላል። ቀዳዳው ሲጠብ ከፊት ያለውም ከኋላ ያለውም አብሮ ይጠራል። ዛሬ ደንበኛ ሁሉ «ባክግራውንዱን አጥፊልኝ» ይላል። ከአዲስ አበባ ድረስ ጀጎል ውስጥ ለመነሣት መጥተው ጀጎልን አጥፊልን የሚሉኝ አሉ። አጠፋላቸዋለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ሆድ ግን ይብሰኛል። ይህ ግንብ ከአሚር ኑር ዘመን፣ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ቅርስ ተብሎ፣ በመጨረሻ ሮዝ ጭጋግ ሆኖ ከሙሽራ ጀርባ ይቀራል። በሌላ በኩል ግንቡን በሙሉ ይጥራልኝ ብሎ ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 22 ማጥበብም ዋጋ አለው። ብርሃን በጣም ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ጠርዙ ላይ ይበተናልና ፎቶው በሙሉ ትንሽ ይደበዝዛል። እኔ ለግንብና ለመንገድ ኤፍ 8 ወይም 11 ይበቃኛል።

የሸተርን ነገር የሚማሩበት ቦታ ከፈለጉ መኪና ግርግር ይሂዱ። ስሙን ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ያገኘው መንገድ ማለቴ ነው። ልብስ ሰፊው ፊቱን አጎንብሶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ እጁና የመኪናው ጎማ ግን አያርፉም። በ1/500 ሴኮንድ ካነሡት ጎማው ቀጥ ይላል፤ ሰፊው ሥራ የፈታ ይመስላል። በ1/30 ካነሡት ፊቱ ጥርት ብሎ ጎማው ይጨሳል፣ ያ ግርግር ፎቶው ውስጥ ይገባል። ከዚያ በታች የራስዎ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ግድግዳ ይደገፉ፣ ትንፋሽ ይያዙ። ደግሞም አስቀድመው ያስፈቅዱ። ሐረር ለካሜራ ደግ ከተማ ናት፣ ግን ሳይጠየቅ የተነሣ ሰው ምን እንደሚል የሰማሁትን እዚህ አልጽፈውም።

አይኤስኦን በአጭሩ ልለፈው። ትንሽ ጀሪካን ቶሎ ይሞላል፤ የተቀዳው ውሃ ግን ትንሽ ነው። 3200 ላይ ያነሡት ፎቶ ጨለማ ውስጥ ያድናል፣ ዋጋውም አሸዋ የተነሰነሰበት መምሰሉ ነው። በፊልም ዘመን ጋሼ አንድ ጊዜ 100 ወይም 400 ፊልም ከከተቱ 36ቱ ፎቶ እስኪያልቅ መታሠራቸው ነበር። «እናንተማ በየፎቶው ጀሪካን ትቀይራላችሁ» ይላሉ ሲቀኑ።

እሳቸው ብርሃን የሚለኩት ያለ መሣሪያ ነው። የፊልም ካርቶን ላይ የፀሐይ፣ የደመናና የጥላ ሥዕል ያለበት መመሪያ ይታተም ነበር። ከዚያ የተማሩት ሕግ አሁንም ይሠራል። ጠራራ ፀሐይ ላይ ኤፍ 16 ያድርጉ፤ ሸተሩን የአይኤስኦውን ቁጥር ያህል ያድርጉት። አይኤስኦ 100 ከሆነ 1/100 ወይም 1/125። ኤፍ 8 ከፈለጉ ሁለት ስቶፕ ከፍተዋልና ሸተሩን 1/500 ያደርሱታል። ሰው ከፀሐዩ ወጥቶ ሰማይ በሚያየው ጥላ ውስጥ ሲቆም ኤፍ 5.6 ይከፍታሉ፤ ሦስት ስቶፕ ማለት ነው። ያችን ሙሽራ የጎዳት ይህ ሦስት ስቶፕ ነው። ጀጎል ውስጥ በሐረሪ ቋንቋ ኡጋ የምንላቸው መንገዶች ጠባብ በመሆናቸው እኩለ ቀን ላይ እንኳ አንዱ ግድግዳ ይነድዳል፣ ሌላው ጥላ ነው። ልጅቷን ያቆምኳት ጥላው ጋ ነበር፤ ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ ደግሞ ከኋላዋ ፎቶውን ሞልቶታል። ካሜራ ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ አይችልም፤ አንዱን መምረጥ አለብኝ። መምረጥ እንዳለብኝ ስላላወቅኩ መለኪያው መረጠልኝ። መረጠም ግድግዳውን።

እዚህ ላይ ማኑዋል የጀመረ ሰው ሁሉ የሚሳሳተውን ልንገራችሁ፤ እኔም አንድ ዓመት ተሳስቼበታለሁ። በመመልከቻው ውስጥ ከታች አንድ መስመር አለ፣ መሃሉ ዜሮ። ቁጥሮቹን እያዞሩ ጠቋሚውን ዜሮ ላይ ሲያሳርፉት ትክክል ይመስላል። ዜሮው ግን ያው አመድማ ነው! ዜሮን ማሳደድ አውቶን በእጅ መሥራት ነው፤ ድካሙ ብቻ ይተርፋል። ነጭ ግድግዳ ላይ ጠቋሚው ወደ ፕላስ አንድ ወይም አንድ ተኩል ይለፍ። ጥቁር አባያ ለለበሰች ሴት ወደ ማይነስ ይውረድ፣ አለዚያ አባያው አመድ ይሆናል። ግራ ሲገባኝ የጋሼን ዘዴ እጠቀማለሁ፤ መዳፌን ሰውየው የቆመበት ብርሃን ውስጥ ዘርግቼ እሱን እለካለሁ። መዳፍ ከአመድማው ትንሽ ይነጣልና አንድ ስቶፕ እጨምራለሁ።

ሐረር ውስጥ በብርሃን የተቸገርኩት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ያወቅኩት በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም በሚጠራው ራምቦ ቤት ነው። ቤቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአንድ የህንድ ነጋዴ የተሠራ ነው፤ ራምቦ የኖረበት አይደለም። የድሮ ሐረር ፎቶዎች ግን ተሰቅለውበታል፤ ባለ ቀለም መስታወቶቹም ከሰዓት በኋላ ወለሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ስለሚጥሉ ለመለማመጃ የሚመች ቦታ ነው። ግጥም መጻፉን ትቶ ቡናና ቆዳ ሊነግድ የመጣው አርቱር ራምቦ ካሜራ ከሊዮን አስልኮ፣ ግብፆች ከተማችንን ይዘው በነበሩበት ዘመን እ.ኤ.አ. በ1883 እዚህ ፎቶ አንሥቷል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ለቤተሰቡ የራሱን ሦስት ፎቶዎች ልኳል። አንደኛው በቤቱ ሰገነት ላይ ቆሞ፣ ሌላው ቡና ተክል ውስጥ፣ ሦስተኛው እጁን አጣምሮ ሙዝ ተክል ውስጥ። ፎቶዎቹ ደብዛዛ ናቸው፤ ፊቱን ለማየት ዓይን ይደክማል። በደብዳቤው ላይ ሰበቡን ጽፏል፤ የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ፎቶው ሁሉ ነጥቶበታል።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ። «የሐረር ውሃ ድሮም!» አሉ። በእኛ ቋንቋ ፎቶ ይታጠባል፤ ዛሬ በማሽን የሚታተመውን እንኳ «አሳጥቢልኝ» ብለው ነው የሚያመጡልኝ። ስለዚህ ጋሼ ለራምቦ አዘኑለት እንጂ አልፈረዱበትም። እኔ ግን ትንሽ እጠረጥረዋለሁ። ፎቶው ሲነጣ ውሃውን የወቀሰ ሰው፣ ግድግዳው ሲያመድ ካሜራዋን ከወቀሰችው ሴት ብዙ አይርቅም።

ማታ ደግሞ ጅቦቹ አሉ። ከጀጎል ውጭ አንድ ሰዓት ሲል ጅብ የሚያበላው ሰው ስም እየጠራ ያስጠጋቸዋል፤ ቱሪስቱ በባጃጅ መብራት ከቦ ይቆማል። መለኪያው እዚያ የሚያየው ጨለማ ነው፤ ጨለማውን አመድማ ላድርገው ብሎ ሸተሩን ግማሽ ሴኮንድ ያህል ከፍቶ ይተወዋል። ውጤቱ አራት ጭንቅላት ያለው ጭጋግ ነው። ፍላሽ ያበራ ደግሞ ዓይኑ እንደ ባትሪ የሚያበራ፣ ሰውነቱ ጠፍጣፋ እንስሳ ይዞ ይሄዳል፤ ጅብ በዓይኑ ውስጥ፣ ከኋላ በኩል፣ ብርሃን የሚመልስ ስስ ንጣፍ አለውና። እኔ ኤፍ 1.8፣ 1/125፣ አይኤስኦ 3200 አድርጌ መለኪያውን ዞር ብዬም አላየው። «ተሳስተሻል» እያለ ወደ ማይነስ ይጎተጉታል። ይጎትጉት። ሌሊቱ ጥቁር ሆኖ፣ የበላተኛው ጥርስና የሰውየው እጅ ብቻ በርቶ ይወጣል።

ዛሬ የበዛው ሥራዬ ቤት ውስጥ ነው። በሠርግ ጊዜ የሴቶቹ ክፍል ሴት ፎቶ አንሺ ይፈልጋል፤ እንጀራዬ የወጣው ከዚያ ነው። የሐረሪን ቤት ላላየ ሰው ልንገረው። ሲገቡ አምስት ነደባዎች፣ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች፣ ይቀበላሉ። ቀለማቸው ቀይ ነው፤ በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው የሚሉ አሉ። ግድግዳው በስፌትና በጣባ የተሞላ ነው። ብርሃን የሚገባው በአብዛኛው በበሩ በኩል ነው። ፍላሽ እዚህ ቤት አይበራም፤ ቀዩ ዘይት ቀለምና የሚያብረቀርቁት ሳህኖች መልሰው ይተፉታል።

ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አንዲት ትልቅ ሴት አነሣሁ። የልጅ ልጃቸው ለውጭ አገር ልትልከው ፈልጋ ነው የጠራችኝ። 50 ሚሊ ሜትሩን ኤፍ 1.8 ላይ ከፍቼ፣ 1/60፣ አይኤስኦ 1600። በበሩ የገባው ብርሃን ጉንጫቸው ላይ አርፎ፣ መዳፌን ለክቼ፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ቀይ ጭጋግ ሆኖ እንዲህ ያለ ፎቶ አንሥቼ አላውቅም ብዬ ነው ያሳጠብኩት። ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት።

«ፊቴንማ መስታወት ላይ አየዋለሁ፣ ልጄ። የእናቴን ስፌቶች የት አደረስሻቸው?»

ጭጋጉ ውስጥ ናቸው አይባልም። ሌንሱን ቀየርኩ። ካሜራው ሲገዛ አብሮት የመጣው፣ የምንንቀው 18-55 ነው። 18 ሚሊ ሜትር ላይ ኤፍ 8 አድርጎ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ፎከስ ያደረገ ሰው ከአንድ ሜትር ጀምሮ እስከ ግድግዳው ድረስ ሁሉም ይጠራለታል። ቀዳዳው ሲጠብ ግን ከአራት ስቶፕ በላይ ብርሃን ጎደለብኝ። አይኤስኦውን ልጨምር አልኩና ተውኩት፤ የስፌቱ ክር አሸዋ ይሆናል። የቀረኝ ጊዜ ብቻ ነው። ከ1/60 ወደ 1/3 ሴኮንድ።

ትራይፖዱን ተከልኩ። «እማማ፣ ሦስት ስል አይንቀሳቀሱ፤ ትንፋሽም ይያዙ» አልኳቸው።

«ስንት ጊዜ?»

«የአንድ ሴኮንድ ሲሶ።»

«ይኸው ነው?» አሉና ሻሻቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ገና አንድ ሳልል ትንፋሻቸውን ያዙ።